የማያስታውሰው ደም

ይድረስ ከዓይኔ ከራቀች አራተኛ ዓመቷን ለያዘች፣ ከልቤ ግን አንድ ቀን ላልወጣች ለእታለሜ ለራቢዓ፤ ባለሽበት በመተከል፣ በሰፈራው መንደር።

አሰላሙ ዓለይኪ እታለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ክረምቱስ እንዴት አወጣሽ? ወባው ዘንድሮ ቀለል አለ ወይስ እንደ አምናው ቤቱን በሙሉ አስተኛው? የልጆችሽ አባት ወገቡን ተሻለው? ሀጀራ ጥርሷን ነቀለች ብለሽ ጽፈሽ ነበር፤ አሁን አድጋ ውሃ ትቀዳልሽ ይሆናል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን ብዬ ልጀምርና የቀረውን አንቺው ፍረጂ። እናታችን ደመና ባየች ቁጥር ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ማሽላው ዘንድሮ ሰምሯል፤ ጀሙዬው ዘር ራሱን ደፍቶ ቆሟል። ይህን የምጽፍልሽም ማማ ላይ ተቀምጬ ወፍ እየጠበቅሁ ነው፤ ፊደሌ ቢጣመም ወንጭፍ ላስወነጭፍ ብድግ እያልኩ ነው እንጂ የመሠረተ ትምህርቱ ጠፍቶብኝ እንዳይመስልሽ።

ደብዳቤሽን ከፓዌ የመጣው ሰውዬ ቆቦ ገበያ ላይ አፈላልጎ ሰጠኝ። ለእናታችን አነበብኩላት፤ ሰላምታውን ሁለቴ፣ የልጆቹን ወሬ ሦስቴ አስደገመችኝ። አንዱን ቦታ ግን ዘለልኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። «ሰላሁዲን መሆኑን በምን አወቃችሁ? ጠባሳ ሰው አይደለም። ሶማሌ አገር ታስሮ የተመለሰ ስንት የሰው ልጅ አለ። ጠይቁት፤ እኛን ካላወቀን ወንድማችን አይደለም» ያልሽውን። በመጀመሪያ ተናደድኩብሽ፤ ሩቅ ሆኖ መፍረድ ምን ይቸግራል አልኩ። ኋላ ሳስበው የተናደድኩት ውስጤን ሲበላኝ የከረመውን ነገር ስለጻፍሽው ነው። መልስ ልጽፍልሽ ወረቀት ገዛሁ፣ መልሱ ግን አልነበረኝም። ባለፈው ሐሙስ የሆነው ከሆነ ወዲህ ደግሞ ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ተነሥቼ እሄዳለሁ፣ የሄድኩበት ይጠፋኛል፣ እመለሳለሁ።

አንቺ አጠገባችን አልነበርሽምና ከሥሩ ልንገርሽ። እስረኞቹ ከሶማሌ ተለቀው በድሬዳዋ ሲገቡ ሰላሁዲን አብሯቸው እንዳለ የነገረን አልነበረም። በጳጉሜ ከደሴ የመጣው አውቶቡስ ቆቦ ላይ አራግፎት ሄደ። እዚያው እንደ ቆመ አንዱን ጋሪ ነጂ «ቆቦ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ ቆቦ መሀል ቆሞ። ጋሪ ነጂው ሊስቅ ብሎ ቀና ሲል የአባታችንን፣ አላህ ይማረውና፣ መልክ ፊቱ ላይ አየና ሳቁ ጠፋበት። እሱ ነው ይዞት የመጣው። እናታችን ስታየው አልጮኸችም፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ሸሚዙን ገለበችው። በሕፃንነቱ ሳንባ ሲያመው አያታችን በጋለ ማጭድ የተኮሰችው ሦስት ጠባሳ ደረቱ ላይ እንደ ተደረደረ አለ። አንቺ እንጨት ስትፈልጪ በመጥረቢያ ያጎደልሽው የግራ እግሩ አውራ ጣትም ያው እንደ ጎደለ ነው። ያን ጊዜ እልል አለች። እሱ ግን እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ «እማማ፣ ማን ልበል?» አላት። «እናትህ በል» አለችው። «እሺ» አለ። ወላሂ እታለሜ፣ እንግዳ ውሃ ጠጣ ሲሉት «እሺ» እንደሚለው ነው ያለው።

አብሮት የታሰረ የወልዲያ ልጅ በሳምንቱ ሊጠይቀው መጥቶ ነገሩን አስረዳን። በታሰሩ በአራተኛው ዓመት ድንጋይ ሲያስጭኗቸው መኪናው ተገልብጦ ራሱን መታው። ሁለት ወር ተኝቶ ሲነሣ ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ የለም። ስሙንም አገሩንም የነገሩት ጓደኞቹ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን አንድም አይስት፤ የእስር ቤቱን ውሾች ስም ሳይቀር ይቆጥርልሻል።

ጠይቁት ያልሽውን ጠይቀነዋል እታለሜ። የአባቱን ስም የሰማው ከእኛ ነው። የወደቀበትን ጉድጓድ፣ ጎብዬ ገበያ ላይ የተደባደበበትን ቀን፣ ቦራ በሬያችንን እንዴት ይወደው እንደ ነበር ነገርነው፤ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያዳምጥ ሰው ራሱን ይነቀንቃል፣ የሚያስቀው ቦታ ላይ ይስቃል። ድሮ ወተት በአፉ አይዞርም ነበር፣ ዛሬ የሰጡትን ይጠጣል። ድሮ ሲቆጣ ቤቱ ይጠብበን ነበር፣ ዛሬ ዶሮ እንኳ እሽ አይልም። አገሩ ደግሞ ያሻውን ይጭንበታል። አንዱ ከአንተ የተሻለ ዘፋኝ አልነበረም ይለዋል፤ ሌላው አንተ ስትዘፍን አህያ ነበር የሚቀበልህ ይለዋል። ጌጤን ታውቂያት የለ፣ ምላሰኛዋን፤ ለሳቅ ብላ ላገባሽ ብለህ ምለህልኝ ነበር አለችው። ከልቡ ይቅርታ ቢጠይቃት አፍራ ሄደች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም የጀግና አቀባበል ብሎ ሕዝብ ሰብስቦ ስለ ግንባሩ ተናገር አለው። አላስታውስም ቢለው በወረቀት ጽፎ አስጠናው። ሰላሁዲን ቆሞ እንዲህ ተኮስኩ፣ እንዲህ ቆሰልኩ ሲል ሴቱ ሁሉ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ቤት ስንገባ ያ ሁሉ እውነት ነበር ወይ ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ።

ቆይ፣ ወፉ ወረደ።

ተመለስኩ። አሁን ወደ ደሙ ልምጣ። አንቺ ያኔ ዋጃ ተድረሽ ስለ ነበር የሰማሽው በወሬ ነው። በስልሳ ዘጠኝ ሐምሌ የሆርማት ወንዝ ጎርፍ ሲወርድ የውሃው ተራ የእኛ ነበር። የእትዬ መይሙና የበኩር ልጅ ሸረፈዲን ተራው የእኛ ነው ብሎ ቦዩን ወደ ማሳቸው ሰበረው። ሰላሁዲን በሽመል አንዴ መታው፤ ያው አንዴው በቃው። ማታ ለአባታችን «ገደልኩት» ብሎ ተናገረ፤ በዚያ ሳምንት ቆቦ ላይ ሚሊሺያ ይመዘገብ ነበርና ተመዝግቦ ወጣ። በሦስተኛው ዓመት ሞቷል የሚል ወሬ መጣ። በሌለበት ተሰገደበት፣ ሰደቃው ወጣ፤ የመይሙናም ዘመዶች አላህ ፈረደልን ብለው ደሙን ተዉት። የሞተው ሰው በእግሩ ሲመጣ እንግዲህ ደሙም አብሮት መጣ። የሟቹ ታናሽ አወል ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፣ ዛሬ ጠብመንጃ ያነገተ ጎረምሳ ነው። እናታችን ሰላሁዲን በገባበት ዕለት ቤተ ሰቡን ሰብስባ የደሙን ነገር የነገረው ልጄ አይደለም ብላ አስማለችን።

በጥቅምት መባቻ አወል መጣ። እዚህ ማማ ፊት ለፊት ካለው ድንበር ላይ ጠብመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። እኔ እዚህ ላይ ነበርኩ። ሰላሁዲን ታች እሸት ይጠብስ ነበር። ልጮኽ ስል እሱ ትኩሱን የማሽላ እሸት በቅጠል ይዞ ሄደ። «ወንድሜ፣ ምን ፀሐይ ላይ አስቀመጠህ? ና ወደ ጥላው» ብሎ ዘረጋለት። አወል አየው። እጁ ከአሳቡ ቀድሞ ተቀበለ፣ ፈለፈለና ቃመ። አንዴ ከቃመ በኋላ ምን እንዳደረገ ገባው መሰለኝ ፊቱ አመድ ሆነ። ባለደም ከደመኛው እጅ እህል እንደማይቀምስ ማን አጣው? ከቀመሰ ደሙን አረከሰ ማለት ነው። ብድግ ብሎ እየሮጠ ሄደ። ሰላሁዲን እሸቱ መሮት ይሆን ብሎ ቆሞ ያየዋል።

አወል በቀጥታ የሄደው በዘወልድ ሽምግልና ደም ሲያደርቁ ካረጁት ከአያ ወልደ ሚካኤል ዘንድ ነው። እያለቀሰ «ልገድል ሄጄ አንድ የማላውቀው ሰው እሸት ሰጠኝ። ወይ ያ ሰው ጠላቴ አይደለም፣ ወይ እኔ የወንድሜን ደም በእፍኝ እሸት ለውጫለሁ» አላቸው አሉ።

እዚህ ደግሞ ሰላሁዲን ያ ልጅ ማነው፣ ለምን እንባ አቀረረ እያለ ያዘኝ። መሐላዬን አፈረስኩ፤ አገር የሚያወራውን ያህል ነገርኩት። «ቀን ነበር ወይስ ማታ?» አለኝ። ቀን ነበር አልኩት። እናት አለችው ወይ አለኝ። አለች አልኩት። ሁለት ቀን እህል በአፉ አልዞረም። በሦስተኛው ቀን ከብቱን ሲያስገባ አጠገቤ ቆም አለና፣ «ጸጸቱን ፈልጌ አጣሁት ሙሚና። ያመመኝ ማጣቴ ነው» አለኝ። ምን ይባላል? እኔ ጸጸት ሞልቶኛል፣ ልስጥህ አይባል ነገር።

አያ ወልደ ሚካኤል ሸሁን አስከትለው ቤታችን መጡ። መውጫ አግኝተው ነው የመጡት። ሰላሁዲን ሞቷል አሉ፤ ተሰግዶበታል፣ ሰደቃው ተበልቷል። ይህ ሰው የገደለውን አያውቅ፣ እናቱን አያውቅ፣ ወተት ይጠጣል፤ የሰላሁዲንን ቆዳ ለበሰ እንጂ ሌላ ሰው ነው። አዲስ ስም ይውጣለት፣ ዋጃ ወርዶ ይኑር፣ ደም አይፈለግበትም። አወልም በዚህ ይስማማል፤ እሱም ከእንግዳ እጅ እሸት በላ እንጂ ከደመኛው እጅ አልበላምና ከነውር ይድናል። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ እናቲቱ በሕዝብ ፊት ልጄ አይደለም ብላ ትማል።

እናታችን ሰማቻቸውና እሺ አለች። ታምኚኛለሽ? እኔ ትጮኻለች ስል እሺ አለች። ከሸኘቻቸው በኋላ እጄን ይዛ፣ ልጄ አይደለም ብዬ ልጄ የሚተርፍ ከሆነ ከአላህ ጋር እኔ እነጋገራለሁ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ከብቶቹ በረት ገብታ ትለማመድ ጀመር። «ይህ ሰው ልጄ...» ትልና ታቋርጠዋለች። ደግሞ ትጀምራለች። ልንገርሽ እታለሜ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ያንቺ ደብዳቤ ብብቴ ውስጥ ነበር፤ ያንቺም ቃል ያው የሽማግሌዎቹ ቃል ነበር። ራቢዓም እንዲህ ብላለች፣ ሞቷል፣ አበቃ፣ ሁላችንም እናርፋለን አልኩ። የእኔን ዕረፍት ለምን እንደ ፈለግሁት ትደርሺበታለሽ።

ሐሙስ ዕለት ሾላው ሥር ተሰበሰብን። ወንዱ በግራ ቀኝ፣ እኛ ሴቶች ከኋላ። እትዬ መይሙና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከፊት ተቀምጣለች። ሸሁ ቁርዓኑን ዘረጉ። እናታችን ተነሣች፣ እጇን ዘረጋች፣ «ይህ ሰው...» አለች። ቀጥ አለች። ያን ጊዜ ሰላሁዲን ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ድንጋይ ከመሬት አንሥቶ ጫንቃው ላይ አደረገና በእትዬ መይሙና እግር ሥር ተንበረከከ።

«እኔ ካልገደልኩት ይህችን እናት ከየት አመጣታለሁ? ልጅነቱን ከወሰድኩ ደሙም የእኔ ነው» አለ።

እናታችን እዚያው እቆመችበት ቁጭ አለች። አወል ግን ከመቀመጫው ዘልሎ ተነሣና ይናገራላ፣ ገዳይ ከሆነ እንዴት እንደ ገደለ በአፉ ይናገራላ አለ። እውነቱን ነው፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነው። የገደለ ሰው አገዳደሉን በራሱ አፍ ካልተናዘዘ ደም አይደርቅም። አያ ወልደ ሚካኤል ወደ ሰላሁዲን ዘወር ሲሉ እትዬ መይሙና ቀደመቻቸው። ድምፅዋ እንደ ቀልድ ዝቅ ያለ ነበር። «እኔ ሌላውን አልፈልግም፤ ልጄ መጨረሻ ላይ ምን አለ? አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ይህን ነው» አለችው።

ሰላሁዲን መዋሸት ይችል ነበር። ሊቀ መንበሩ ያስጠናውን ያህል እንኳ ቢናገር ሰው ያምነው ነበር። ድንጋዩን እንደ ተሸከመ ቀና ብሎ አያትና «አላውቅም እናቴ» አላት። አወል አላልኳችሁም፣ እሱ አይደለም ብሎ ፎከረ። ሽማግሌዎቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። የእናቲቱ ፊት ሲጨልም አየሁ፤ ልጇ ያን ዕለት እንደገና የሞተባት ያህል።

እዚህ ላይ፣ እታለሜ፣ ከአንቺም የደበቅሁትን ልናገር ነው። እኔ እዚያ ነበርኩ። ያን ቀን ለሰላሁዲን ምሳ ይዤለት ወርጄ ወገቤ በደረሰው ማሽላ ውስጥ ነበርኩ። ዕድሜዬ አሥራ አምስት ነበር። ጭቅጭቁን ሰምቼ ተቀመጥኩ፤ ሽመሉ ሲያርፍ አየሁ፤ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ቀረሁ። በዚያው ማታ አባታችን ያየ ሰው ከተገኘ ደሙ ይጸናል ሲል ሰማሁትና ዝም አልኩ። ኋላም ሰላሁዲን ሞቷል ሲባል ለማን ብዬ አልኩና ዝም አልኩ። ዝምታ አንዴ ከለመደ በኋላ ቤቱ ያንተ አይደለም ቢሉት የማይወጣ እንግዳ ነው።

እንዴት እንደ ተነሣሁ አላውቅም። ሴት በዘወልድ ጉባኤ አትናገርም፤ አንዱ ተቀመጪ ሲለኝ ሰምቻለሁ፣ አልተቀመጥኩም። «ሲወድቅ አልጮኸም» አልኳት እትዬ መይሙናን። «ውሃውን ዝጋው፣ የእናቴን ማሳ ሊጠርገው ነው አለው። ሌላ ቃል አልወጣውም። ሰላሁዲን እያለቀሰ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ በደረቱ ተኝቶበት በድንጋይና በቅጠል ደፈነው። ከዚያ በኋላ ነው የሸሸው።»

የዚያ ዓመት ጎርፍ ግራ ቀኙን ሲጠርግ የመይሙና ማሳ ብቻ እንደ ተረፈ አንቺም ሰምተሻል። ሰዉ፣ መላኢካ ነው የዘጋው ይላት ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ ብቻ ይታያል። ሰላሁዲን ድንጋዩ ሥር ሆኖ የሚያየው እኔን ነበር። ዓይኑ የራሱን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሰማ ሰው ዓይን ነበር፤ ነውም።

አያ ወልደ ሚካኤል እንዲህ ያለ ደም አይቼ አላውቅም አሉ። የገደለው እጅ አንዱ ላይ ነው፣ የአገዳደሉ ነገር ሌላዋ ላይ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከቀረ ደሙ ግማሹ እርጥብ ይቀራል አሉ። እኔንም ጠርተው ከጎኑ አንበረከኩኝ። የዕርቁ በግ ታረደ፤ በአንድ ገበታ የሁለታችንንም እጅ አጠቡን። አወል የእሸቱን ነገር አንሥቶ፣ እኔስ ከደመኛዬ እጅ በልቼ የለ ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ አያ ወልደ ሚካኤል «ሆድህ ከአንተ ቀድሞ ታርቆ ነው እንጂ ነውር የለብህም» አሉት። ሰው ሳቀ፣ እሱ አልሳቀም። ግን መጥቶ ድንጋዩን ከሰላሁዲን ጫንቃ ላይ ያወረደው እሱ ነው። እትዬ መይሙናም የሰላሁዲንን ራስ ስማ ይቅር ብዬሃለሁ፣ አላህም ይቅር ይበልህ አለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እንደምትስመኝ ጠብቄ አንገቴን ዘርግቼ ነበር። «አንቺስ? አሥራ አንድ ዓመት ከእኔ ጋር ከአንድ ጉድጓድ ስትቀጂ ኖርሽ። እንስራዬን ያሸከምሽኝ አንቺ ነሽ። እሱን ይቅር ብዬዋለሁ፤ የሚያውቀው ነገር የለም። አንቺን ግን ቆይ ላስብበት» አለችኝ። ተነሥታ ሄደች። ደሙ ደረቀ ተብሎ ፋቲሓ ሲደረግ እኔ እጄ እንደ ራሰ ቆሜ ቀረሁ።

ይኸው ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ሰላሁዲን ይተኛል፣ እኔ አልተኛም። ውሃ የምቀዳው እሷ በማትወርድበት ሰዓት ነው። ሰኞ ዕለት ደጃፏ ድረስ ሄጄ ማሽላ ስታበጥር አየኋት፤ አየችኝ፣ ማበጠሯን ቀጠለች፣ ተመለስኩ። ሰላሁዲን ደግሞ በዋለ ባደረ ቁጥር ያን ቀን ንገሪኝ ይለኛል። እነግረዋለሁ። ትናንት እኔ ሳልጨርስ እሱ ተቀበለኝና ውሃው ደረቴን ሲነካኝ ቀዝቅዞኝ ነበር አለኝ። ስለ ቅዝቃዜው እኔ ነግሬው አላውቅም። አስታወሰው? ወይስ ሊቀ መንበሩ እንዳስጠናው ጊዜ የሰማውን ለበሰው? ላውቅ አልቻልኩም፤ ጠይቄውም እሱም አያውቅም። ይልቅ የእኔው ነገር ግራ ገብቶኛል። ስንት ጊዜ ከነገርኩት በኋላ ያየሁት የቱ ነው፣ የተናገርኩት የቱ ነው ስል ይቀላቀልብኛል።

በምን አወቃችሁት ብለሽ ጠየቅሽ። አላወቅነውም እታለሜ። እናታችን በጠባሳው ለየችው፣ ሽማግሌዎቹ ባለማስታወሱ ካዱት፣ እሱ ግን ማንም ሳያስገድደው መርጦን ገባ። ሰላሁዲን ሳይሆን ቢቀር ደግሞ ሰላሁዲንነቱን በጫንቃው ተሸክሞ ከፍሎበታል። ሰው ማለት ገላው ነው ወይስ ትዝታው ብትይኝ እኔን አትጠይቂ። እኔ ገላዬም ትዝታዬም ሳይጎድልብኝ እዚህ አለሁ፤ ያቺ ማሽላ ውስጥ አፏን ይዛ የተቀመጠችው ልጅ እኔ አይደለሁም ብል እንዴት ደስ ባለኝ። ለእሱ የተገኘው ምሕረት ለእኔ የሚከብደው ስለማስታውስ ነው። እትዬ መይሙናን አልቀየምኳትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ላስብበት እል ነበር። አንቺ ትልቄ ነሽና እስቲ ምከሪኝ፤ ደጃፏ ልመላለስ ወይስ እስክትጠራኝ ልቀመጥ? መቀመጡን እንደማልችለው ታውቂያለሽ።

ወረቀቱ አለቀ፣ ወፉም አላስቀምጥ አለ። እናታችን ጉንጭሽን ስማለች፤ ከእንባ ሌላ የምልክላት ነገር የለኝም ብላለች፣ ደግሞም ሀጀራን ውሃ ዳር ብቻዋን እንዳትለቂያት ትላለች። ጌጤ በምላሷ ሙሉ ሰላም ትልሻለች። አያ ወልደ ሚካኤል ከእግዜር ሰላምታ ጋር፣ ያቺ ልጅ አትናፍቅምን፣ መጥታ አገሯን አትጠይቅምን ብለዋል። ለልጆችሽ አባት ጤናውን፣ ለልጆችሽ ዕድገቱን አላህ ይስጥልኝ፤ አንድ በአንድ ሳሚልኝ።

ሰላሁዲን ማማው ሥር ቆሞ እኔም አለኝ ይላል። እንዳለ እጽፍልሻለሁ። «በጀርባሽ አዝለሽ አሳደግሽኝ አሉ። እኔ አላውቀውም፤ እሱ ያለው አንቺ ዘንድ ነው። ክፉውን ደጉን ሳትመርጪ ጽፈሽ ላኪልኝ። ወንድሜ አይደለህም ብትይም እንኳ እሱን ጽፈሽልኝ በይ።» ከሥሩ ስምህን ማን ብዬ ልጻፍ ብለው፣ መልሷ እስኪመጣ ክፍት ተዪው አለኝ። ክፍት ትቼዋለሁ።

እህትሽ ሙሚና
ቆቦ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1981 ዓ.ም.